እጅ ሲያፍር

የተዋወቅነው የዓይን ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነው። ከጎኔ የነበረው ሰው ተጠርቶ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጥቶ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የውጤት ወረቀቱ እስኪጻፍለት መጠበቁ ነው። ፊቱ ክፉ ወሬ እንደሰማ ሰው ስለጠቆረ፣ «ምን አሉህ፣ ወንድሜ?» አልኩት።

«ደህና ነው አሉኝ።»

«ታዲያ እሰየው አይባልም?»

«ለሐኪሟ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩላት። ከግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስም ጭምር። ‹እሱን ያነበበልኝ ሰው የለም› ብላ ሳቀች።» እሱ ግን አልሳቀም። «ዓይኔ ቢታመም ይሻለኝ ነበር።»

ከፊቴ ገና አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ የእሱን ወረቀት የምትጽፈው ሠራተኛም ለምሳ ወጥታለች። ጊዜ ነበረን።

መስታወት ቆራጭ ነው። ዕድሜው ሃምሳ አራት፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፈው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በሥራ ቤቱ «ክር» ይሉታል፤ በመቁረጫው የሚያሰምረው መስመር የተወጠረ ክር ስለሚመስል። መስታወት እንደ ሌላው ነገር አይደለም። እንጨት ቢሳሳቱበት ይላጋል፣ ጨርቅ ቢሳሳቱበት ይጣፋል፤ መስታወት ግን ዕድል የሚሰጠው አንዴ ነው። መቁረጫውን ነጭ ጋዝ ነከር አድርጎ፣ ማስመሪያውን ተደግፎ፣ ከጠረጴዛው ጎን እየተራመደ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ መሄድ ነው። መሀል ላይ ቆሞ ማሰብ የለም፤ «እስቲ ይቺን ልድገማት» ማለት የለም። እጅ አንዴ ከከበደ ወይም አንዴ ከቀለለ፣ ለዓይን ባይታይም መስታወቱ ቂም ይይዛል። ሊሰብሩት ሲያጎብጡት ስንጥቁ እዚያች ቦታ ሲደርስ መስመሩን ትቶ ወደፈለገበት ይነጉዳል።

በወዲያኛው ጫፍ ማስመሪያውን የሚይዝለት የሚስቱ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይዞለታል። እሱን ደግሞ «ራዲዮ» ይሉታል፤ ጠዋት ቱታውን ሲለብስ ይከፈታል፣ ማታ ሲያወልቅ ይዘጋል። በተለይ ክር መቁረጫውን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፍ ይብስበታል።

«አየህ ወንድምዓለም፣ እህቴን የሰጠንህ ሌላ ጠያቂ ስለጠፋ ነው።»

«ሰጣችሁኝ? ለምናችሁኝ ነው እንጂ።»

«እናቴ በሠርግህ ቀን ያለቀሰችው በደስታ መሰለህ?»

«እናትህ ያለቀሰችው አንተ ስለቀረህባት ነው።»

ይህን እየተባባሉ እጁ ይሄዳል፤ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ጨርቅ ሲቀደድ ያለውን ድምፅ እያሰማ። የክር አፍ ራዲዮን የሚረታ መልስ ሲፈልግ፣ እጁ ጨርሶ ጫፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አዲስ ደንበኛ የተጣሉ መስሎት በር ላይ ያመነታል። ክር ራሱ የአማቹን ልፍለፋ እንደ ትንኝ ነበር የሚያየው። «ይሄ ሰው አንድ ቀን ዝም ቢለኝ ከዚህም የተሻለ በቆረጥኩ» ይል ነበር።

አምና ራዲዮ ድምፁ ጎረነነ። ብርድ ነው ተባለ፤ ማር ይላስ ተባለ፤ ብዙ ስለሚያወራ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ድምፁ አልተረፈም። በሁለተኛው ወር ወደ ሥራ ሲመለስ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ፣ በደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይዞ ነበር። ደብተሩን ብዙም አያወጣም። ቀልድ ተጽፎ ሲሰጥ፣ አንባቢው አንብቦ እስኪጨርስ በርዶ ይገኛል።

የሥራ ቤቱ ሰው ደግ ነው፤ ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ደግነት ነው። ራዲዮ ባለበት መቀለድ የተራበ ሰው ፊት እንደመብላት ሆነባቸው። ጠርዝ የሚያለሰልሰው ሠራተኛ ማፏጨቱን ተወ። ጫኝና አውራጆቹ በሹክሹክታ መነጋገር ጀመሩ። ማንም ሳያዝዝ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

ያኔ ነው ክር መቁረጫውን ሲያሳርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ትንፋሽ የሰማው። ቀጥሎ መቁረጫውን ሰማው። ይሄ ድምፅ ዱሮም እንዲህ ነበር? ትንሽ አልሻከረም? ጠበቅ ላድርገው ይሆን ወይስ ላላ? አውራ ጣቴ የሚያርፈው እዚህ ጋ ነበር ወይስ ከፍ ብሎ? ሠላሳ አንድ ዓመት ምንም ጠይቆት የማያውቀውን እጁን እንደ መርማሪ ያፋጥጠው ጀመር። የመጀመሪያው የመታጠቢያ ቤት መስታወት ነበር፤ ሄዶ ሄዶ ጥግ ላይ ተገነጠለ። ያጋጥማል ተባለ። ሁለተኛው ሲደገም «አይዞህ» ተባለ፤ ሦስተኛው ላይ ሁሉም በየተራ እየመጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንድ አይዞህ ያበረታል፤ አይዞህ ሲበዛ ግን ሰው «ለካ የሆንኩት ነገር አለ» ማለት ይጀምራል።

የሱቁ ባለቤት ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት፤ በልጅነቷ በዚያ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ ተጫውታለች። ክር ሊቆርጥ ሲል በሩን ታስዘጋለች፣ የማለስለሻውን ማሽን ታስቆማለች፣ ስልኩን ከግድግዳው ትነቅላለች። «ጋሼ፣ ልብዎን ሰብሰብ ያድርጉ፤ ማንም አይረብሽዎትም» አለችው። ማንም አልረበሸውም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አራተኛውን ሰበረ።

ቤት ውስጥ መረብ ኳስ የምትጫወት ልጅ አለችው፤ የኮሌጅ ተማሪ ናት። አባቷ እራቱን ሳይጨርስ ሲነሳ አይታ፣ «አባዬ፣ ይሄ በሽታ እኛም ጋ አለ እኮ» አለችው። «ልምምድ ላይ መቶ ሰርቭ ብትመታ መቶውን የምታሳርፍ ልጅ፣ ጨዋታው ሃያ አራት እኩል ሲሆን መረቡ ላይ ትለጥፈዋለች።»

«ምን ነክቷት?»

«እጇን እያየችው ነዋ። አሰልጣኛችን ‹እጅ ሲያዩት ያፍራል› ይላል። እንደ ሙሽራ።»

«ታዲያ ምን ታድርግ ይላል?»

«ትንፋሿን ታውጣ። ከዚያ ኳሱ የሚያርፍበትን አንዲት ቦታ መርጣ እሷን ብቻ ትመልከት። የራሷ የሆነች አንዲት ቃል ደግሞ በልቧ ትበል።»

«ያንቺ ቃል ምንድን ነው?»

«አይነገርም።»

«‹ምሳ› ነው የምትለው» አለች እናቷ ከማድቤት።

በማግሥቱ ክር እንደተባለው ሞከረ። ትንፋሹን አወጣ። ዓይኑን ከእጁ አንስቶ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጣለ። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የቆመው ግን ራዲዮ ነው። ስካርፍ፤ ከስካርፉ በላይ የተዘጋ አፍ። በልቡ የሚላትን ቃል ሲፈልግ መቁረጫው መንገድ ጀምሮ ነበር። አምስተኛው እንዲህ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ተራ መስታወት አልነበረም። አንድ መድኃኒት ቤት ለፊት መስኮቱ ያዘዘው፣ አሥር ሚሊ ውፍረት ያለው፣ በብዙ ልመና ሁለት ብቻ ተገኝቶ የመጣ ነው።

የሱቁ ባለቤት በዚያው ቀን ቢሮዋ አስጠራችው። አስቀመጠችው፣ ውኃ ቀዳችለት፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛዋን አየች።

«አንድ ቀርታናለች፣ ጋሼ። ለሐሙስ ቃል ገብቻለሁ። እሷም ከሄደች በማሽን ለሚቆርጥ ቤት እሰጣለሁ፤ አንዴ ከሰጠሁ ደግሞ ሁሉንም ለእነሱ መስጠት ይቀለኛል። እርስዎን አላባርርም፤ መጋዘን አለ። እሳቸውን ግን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋት። ቆራጭ ከሌለ ማስመሪያ ያዥ የለም። ሃምሳ ሊደፍን የተቃረበ፣ ድምፅ የሌለው ሰው ደግሞ የማን በር ያንኳኳል? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክር ቀኝ እጁን ባየ ቁጥር የአማቹ ሦስት ልጆች ናቸው የሚታዩት።

ሰኞ ዕለት አንዲት አሮጊት ፍሬም ታቅፈው መጡ። የሟች ባላቸው ፎቶ ነው፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ አዲስ ፈልገዋል።

«ሠላሳ በአርባ ነው» አሉ።

«ሠላሳ በሠላሳ ስምንት ነው፣ እማማ» አለ ክር ለክቶ።

«የባሌን ፎቶ እኔ አላውቀውም?»

«ባልዎን ያውቁታል፤ ፍሬሙን የለካሁት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱም እንዳንተው ነበር የሚከራከረኝ።»

«ታዲያ ማን ረታ?»

«ፍሬም ውስጥ ያለው ማነው?» አሉ አሮጊቷ።

ጠርዝ አለስላሹ ሳቁ አመለጠው። ክርም እየሳቀ ጎንበስ ሲል መስታወቱ ተሰምሯል። መቼ እንዳሰመረው አላወቀም። ለመስበር እንኳ አላስቸገረም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫን ሲለው በመስመሩ ለሁለት ሆነ። ራዲዮ ቁራጩን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና ብሎ ክርን አየው፤ ወዲያው ዓይኑን አሸሸ።

ማታ ክር ለሚስቱ ነገራት። «ገባኝ። እጄ አላረጀም፤ ዓይኔም አልደከመም። አፌ ሥራ ሲፈታ ነው እጄን የምቆጣጠረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ይዞልኝ የኖረው ወንድምሽ ነው።»

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

«እንዳትነግረው።»

«ለምን? ምስጋና እኮ ነው።»

«ላንተ ምስጋና ነው። እሱ የሚሰማው ‹አንተ ዝም ስላልክ ሥራዬ ተበላሸ› ሆኖ ነው። ድምፁን ያጣው ሳያንሰው ያንተን እጅ ደግሞ ይሸከም? በሞቴ፣ እንዳትነግረው።»

አልነገረውም። ከጠርዝ አለስላሹ ጋር ለማውራት ሞከረ፤ ሰውየው ክርን እየፈራ «አዎ ጋሼ፣ ልክ ነው ጋሼ» ብቻ ሆነበት። ልክ ነው ከሚል ሰው ጋር ደግሞ ምን ይወራል? ለራሱ ሊያንጎራጉር ሞከረ፤ እጁ ዜማውን ተከትሎ ይወዛወዝ ጀመር።

ሐሙስ ደረሰ። ያቺ የቀረችው መስታወት ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች፤ ስምንት ሰው ዙሪያዋን ቆመ። የሱቁ ባለቤት በሩን ራሷ ዘጋች። ማሽኑ ቆመ፣ ስልኩ ተነቀለ፣ አንዱ ሊያስለው ሲል አፉን በክንዱ አፈነ። ሁሉም ለእሱ ብሎ ትንፋሹን ውጧል። ክር መቁረጫውን ነጭ ጋዝ ነክሮ አነሳው። አሁን ብጀምር ይሰበራል ብሎ እርግጠኛ ሆነ። ቀና አለ። በወዲያኛው ጫፍ ራዲዮ ማስመሪያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያየዋል፤ መንጋጋው፣ ዱሮ ሊለክፈው ሲል እንደሚያደርገው፣ ወደ ጎን ዘወር አለች። ክር ያቺን መንጋጋ ያውቃታል። ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቃል። ቃሉ ከራሱ አፍ ወጣ።

«አየህ ወንድምዓለም» አለ፤ በራሱ ድምፅ ሳይሆን ቃል እየጎተተ በሚያዜመው፣ በጤነኛው በራዲዮ ድምፅ። «ይህቺን ሰበርካት ማለት እህቴን ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ ነው የምላት።»

እጁ ተነሳ።

«መጥታ የት ልታስተኛት ነው?» ብሎ በራሱ ድምፅ መለሰ። «አንተ ራስህ ሶፋ ላይ አይደለህ?»

«ሶፋው የማን ሆነና?» አለ ደግሞ በራዲዮ ድምፅ። « ያንተው ነው። ከሠርግህ ማግሥት ለአንድ ሳምንት ብዬ ተውሼህ።»

«ልጆቼ ያንን ሶፋ በወሬ ነው የሚያውቁት።»

ድምፁ፣ አወራረዱ፣ በየመሀሉ የሚጨምራት ትንሽ ጉርምርምታ ሳይቀር፣ ራዲዮ ነበር። መጀመሪያ ጫኞቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ የሱቁ ባለቤት። ስምንት ወር ታፍኖ የከረመ ሳቅ ቤቱን ሞላው። ክር ጫፉ ላይ ደርሶ መቁረጫውን ሲያነሳ መስመሩ የተወጠረ ክር ነበር።

ራዲዮ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። ማስመሪያው ላይ ያለው ጭብጡ ግን ቅንጣት ታህል አልላላም። መስታወቱን በሁለት በኩል ይዘው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳቡት፤ እንደ ሁልጊዜው በዓይን ተግባብተው አንድ ላይ ጫን አሉት። ቀጭ አለና በመስመሩ ወረደ። ሰው አጨበጨበ። ራዲዮ ጓንቱን አወለቀ፤ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። መጸዳጃ ቤት የሄደ መሰላቸው።

በማግሥቱ የራዲዮ ሚስት «እያረፈ ነው» ብላ መጣች፤ ከደብተሩ የተገነጠለች ወረቀትም ለክር ሰጠችው። ክር ወረቀቷን ኪሱ ውስጥ ይዟት ነበርና አውጥቶ አሳየኝ። በእርሳስ፣ በተጣደፈ ጽሑፍ፦

«አንተ የኔን ስትናገር ሰዎቹ የሳቁት እኔ ስናገር ይስቁ የነበረውን ያህል ነው።»

ሌላ የለውም።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። የሱቁ ባለቤት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተገጥሟል። በወዲያኛው ጫፍ ሌላ ሰው አቆመችለትና «በቃ፣ እንደዚያ ቀን እያወሩ ይቁረጡ» አለችው። ክር አወራ። «አየህ ወንድምዓለም» አለ፤ ቃሉ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ተንኮሻኮሸ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰበረ። ይሄኔ ነው የሱቁ ባለቤት «ዓይንዎን ተመርምረው ወረቀት ያምጡልኝ፤ ወረቀት ካለ መታገስ እችላለሁ» ያለችው።

«ሰዉ የሳቀው በቃሉ ነው» አለኝ ክር፣ ወረቀቷን መልሶ እያጠፈ። «የኔ እጅ የሄደው ግን በቃሉ አይደለም። እሱ ከፊቴ ቆሞ ነበር። አፉ ተዘግቶም ምን ሊለኝ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አነበው ነበር። የመለስኩት ለራሴ መስሏቸዋል፤ ለሱ ነው የመለስኩት።»

«ይህንኑ ሄደህ ብትነግረውስ?»

«እንዴት ብዬ? ‹ያላንተ አልችልም› ልበለው ብል፣ ‹አንተ ዝም ስትል ነው የተሰበርኩት› የሚለውን አብሬ መንገሬ ነው። አንዱ ካለአንዱ አይነገርም። ሚስቴ በሞቴ ብላኛለች። ዝም ብል ደግሞ በቁሙ የተተካ መስሎት እቤቱ ይቀራል። አንድ ቀን እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ሚስቱ ‹ተኝቷል› አለችኝ። ተኝቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጫማው በር ላይ አልነበረም። ወጥቷል ማለት ስለከበዳት ነው። ብቻውን እየወጣ ሲዞር ይውላል አሉ።»

ወረፋው በሁለት ሰው ተንቀሳቀሰ። ከምሳ የተመለሰችው ሠራተኛ ስሙን ጠራችና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠችው። ክር ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ፣ ከዚያ አቅርቦ አነበበው። ሁለቱም ዓይኖች ጤነኛ ናቸው ይላል። አራት ቦታ አጥፎ ከራዲዮ ወረቀት ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ወደ ሥራ ነህ?» አልኩት።

«ወደሱ ቤት ነኝ። በዓይኔ እያሳበብኩ ሸሸሁት። አሁን ምን ቀረኝ?»

«ሚስትህስ?»

«ትቆጣኛለች። ትቆጣ።»

ጨብጦኝ ተነሳ። በሩን ከፍቶ ግማሽ ሰውነቱ ከወጣ በኋላ ቆመ፤ የረሳው ነገር ያለ መስሎኝ ወንበሩን አየሁ።

«ያስቸገረኝ ምን መሰለህ» አለኝ፣ የበሩን እጀታ እንደያዘ። «እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሁልጊዜ የሚጀምረው እሱ ነበር።»